ባዕድ አገር በተማሪ ዓይን



በዛሬው የትምህርት ቤታችን በዓል እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ፥ ተማሪ ወደ ባዕድ አገር ሲሄድ በመጀመሪያ ምን ያያል የሚል ነው። እኔም አንድ የትምህርት ዓመት በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ስለ ተማርሁ፥ ያየሁትን ባጭሩ እነግራችኋለሁ።

ብዙ ሰው ስለ በረዶው ይጠይቀኛል። በረዶው ግን ወፍራም ካፖርት ለለበሰ ሰው ያን ያህል አያስቸግርም። የሚከብደው ጨለማው ነው። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፤ የምትጠልቀውም 9 ሰዓት ሳይሞላ ነው። በሰኔ ግን የቀኑ ብርሃን ከ18 ሰዓት ይበልጣል። እኛ ሲነጋም ሲመሽም 12 ሰዓት የምንለው፥ አገራችን ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ቀኑና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊሆኑ ጥቂት ብቻ ስለሚቀራቸው መሆኑን የተረዳሁት በዚያ ጨለማ ውስጥ ነው። ይህ አቆጣጠር ለስቶክሆልም አይሆንም፤ ለአገራችን ግን ከፀሐይዋ ጋር የተስማማ ነው።

ሁለተኛው ነገር ስም ነው። በመዝገብ ላይ የአያቴ ስም የቤተ ሰብ ስም ሆኖ ስለ ተጻፈ፥ ስዊድን የሚባል አገር መኖሩን እንኳ ሳይሰሙ ያረፉት አያቴ ደብዳቤ ይጻፍላቸው ጀመር። ጓደኞቼም «አንተና አባትህ አንድ የቤተ ሰብ ስም የሌላችሁ ስለ ምንድን ነው?» እያሉ ይደነቁ ነበር። ነገር ግን ከእነርሱ መካከል ዮሃንሰን የሚባሉ ብዙዎች ነበሩ፤ ትርጓሜውም የዮሐንስ ልጅ ማለት ነው። የጥንት ስዊድናውያንም እንደ እኛ በአባታቸው ስም ይጠሩ ነበርና።

ሦስተኛው፥ ተማሪው መምህሩን በስሙ ጠርቶ «አንተ» ይለዋል። «እርስዎ» እያለ ላደገ ልጅ ይህን መናገር ቀርቶ መስማቱም ይከብዳል። ሆኖም ስዊድኖችም ቀድሞ በማዕረግ ይጠራሩ ነበር፤ ይህን ልማድ የተዉት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ተማሪዎቹም መምህራቸው ሲናገር ዝም ብለው በመስማትና ሥራቸውን በቀኑ በማስረከብ ያከብሩታል።

ከእኛ አስቀድመው ወደዚያ አገር ከሄዱት ተማሪዎች አንዱ ኦነሲሞስ ነሲብ ናቸው። በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው፥ በምጽዋ ነጻ ወጥተው፥ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በስቶክሆልም 5 ዓመት ተምረዋል። ከተመለሱም በኋላ፥ በአስቴር ጋኖ እየተረዱ፥ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ዓ.ም. አሳተሙ። ባሕር ተሻግረው ያገኙትን ዕውቀት ለእናታቸው ቋንቋ አዋሉት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ከእናንተም ነገ የሚሄዱ አሉ። ከውጭ ተመልሶ የአገሩን ልማድ ሁሉ የሚንቅ ሰው አለ፤ የሰውን ልማድ ሁሉ ነቅፎ ምንም ሳይማር የሚመለስም አለ። ሁለቱም የወላጆቻቸውን ድካም ከንቱ ያደርጋሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር ያያችሁትን ሁሉ ጻፉት፤ ፍርዱን ግን አቆዩት። አስቀድማችሁ «ይህ ነገር እንዲህ የሆነው ስለ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጥያቄውንም ስለ እነርሱ ብቻ ሳይሆን ስለ እኛም አድርጉት።