ስውሩን ሕመም አስቀድሞ ማወቅ፦ ሥር በሰደደ የኩላሊት ሕመም ዙሪያ የካህናትና የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

(ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ነቢዩ ዳዊት እግዚአብሔርን የልብና የኩላሊት መርማሪ አድርጎ ይጠራዋል። ኩላሊት በእርግጥም ስውር ነው፤ ሲሠራም ሲታመምም ድምፅ አያሰማም። ዛሬ ልንነጋገር የወደድነው ስለዚሁ ስውር ሕመም ነው።

አስቀድመን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ከምናገለግልባቸው አጥቢያዎች በአንዱ ማሕሌት ቆመው የሚያድሩ መሪጌታ ነበሩ። የደም ግፊት እንዳለባቸው እናውቅ ነበር። በዐቢይ ጾም እግራቸው ሲያብጥ «ከመቆም ብዛት ነው» አልናቸው፤ ማለዳ ፊታቸው ሲነፋ «እንቅልፍ አጥተው ነው» አልን። እርሳቸውም የጠዋቱን ኪኒን ከቅዳሴ በፊት መዋጥ ጾም መሻር መስሏቸው ትተውት ኖሯል፤ ከመካከላችን ግን አንድ ስንኳ የጠየቃቸው አልነበረም። ከትንሣኤ በኋላ ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ ሕመሙ ለዓመታት እንደቆየ፣ ያለ መድኃኒት ያለፉት ሳምንታትም እንዳባባሱት ነገረን። ዛሬ የሚኖሩት በኩላሊት እጥበት ነው። ይህን የምንናገረው ሌላው አጥቢያ እንዳይደግመው ነው።

ሁለቱ ኩላሊቶቻችን ከጎድን አጥንት ሥር፣ በአከርካሪ ግራና ቀኝ ይገኛሉ። በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም አጣርተው አብዛኛውን ወደ ደም ይመልሳሉ፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር የሚሆነውን ብቻ ከቆሻሻው ጋር በሽንት ያስወጣሉ። የጨውን መጠን ያስተካክላሉ፣ የደም ግፊትን ይቆጣጠራሉ፣ ለደም መመረት የሚረዳ ሆርሞን ያመነጫሉ። ጉዳታቸው ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ይባላል። ዋነኞቹ መንሥኤዎች የስኳር ሕመምና የደም ግፊት ናቸው። ለጉልበትና ለወገብ ሕመም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ የሚወሰዱት እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችም ኩላሊትን ይጎዳሉ። ቆመን የምናገለግል ሁላችን ይህን ልብ ልንለው ይገባል።

ኩላሊት ብዙ ትርፍ አቅም ስላለው ታማሚው ምልክት የሚያየው አብዛኛው ከተጎዳ በኋላ ነው። ድካም፣ የእግርና የፊት እብጠት፣ አረፋ የበዛበት ሽንት፣ ሌሊት ለሽንት መመላለስ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና ማሳከክ ያን ጊዜ ይመጣሉ። ስለዚህ ምልክት መጠበቅ አይበጅም። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በደም የክሬአቲኒን፣ በሽንት ደግሞ የፕሮቲን ምርመራ ያድርግ። ሥር በሰደደ ሕመም የጠፋው አቅም በአብዛኛው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ግፊትንና ስኳርን በመቆጣጠር፣ መድኃኒትን ባለማቋረጥ፣ ትንባሆን በመተውና ጨውን በመቀነስ ለብዙ ዓመታት ማቆየት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። ወጥ፣ ዳቦና ጨው የሚገባበት ቡና ሁሉ በዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ።

አሁን ወደ እኛው ድርሻ እንምጣ።

ስለ ጾም፤ ቤተ ክርስቲያናችን ለታመመ ሰው የምትራራ እናት ናት፤ ፍትሐ ነገሥትም የሕመምተኛውን ድካም ይመለከታል። የንስሐ አባት ልጁን «መድኃኒት ትወስዳለህን? በስንት ሰዓት?» ብሎ ይጠይቅ። ልጁም ሐኪሙ ያዘዘውን ለንስሐ አባቱ፣ የጾም ሥርዓቱን ለሐኪሙ ይንገር። ሕመሙ ለጠናበት ሰው የጾም ምግብም ቢሆን ምክር ይሻል፤ ድንች፣ ቲማቲም፣ ሙዝና ጥራጥሬ ፖታሲየም ስላላቸው ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠናቸውን ከሐኪሙ ጋር ሊወስን ይገባል።

ስለ ጸበል፤ ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንዲወሰዱ ማስተማራቸውን እናስታውሳለን። ሲራክም ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። ሆኖም እጥበት ላይ ያለ ሰው ሽንቱ ስለሚቀንስ ከመጠን በላይ የሚጠጣው በሰውነቱ ተከማችቶ ሳንባውንና ልቡን ያስጨንቃል። ስለዚህ በጆግ ሳይሆን በጉንጭ ይጠጣ፤ በረከቱ በመጠን አይለካምና። በአንገቱ ወይም በደረቱ የእጥበት ቱቦ ያለበት ሰው ሲጠመቅ ቱቦው ያለበትን ስፍራ ውኃ እንዳይነካው ይጠንቀቅ፤ በዚያ የሚገባ ጀርም ወደ ደም ይሄዳልና። ይህን ለጸበልተኞች የሚነግር ሰው በየጸበል ቦታው ይኑር።

ስለ ልመና፤ በየደጀ ሰላሙ ለኩላሊት ታማሚ ገንዘብ ሲሰበሰብ ማየት የተለመደ ሆኗል። እጥበት በአብዛኛው በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜውም አራት ሰዓት ያህል የሚደረግ ነው፤ የአንድ እሑድ ሙዳየ ምጽዋት አይዘልቀውም። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ መሰጠት ጀምሯል፤ እርሱም ቢሆን ለጋሽና የዕድሜ ልክ መድኃኒት ይፈልጋል። በመጨረሻው ሰዓት የምናዋጣውን ጥቂቱን ቀድመን ብናወጣው ብዙ ሰው እናተርፋለን።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጋር ተነጋግራችሁ በወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደም ግፊት ይለካ፤ በተደጋጋሚ 140/90 እና ከዚያ በላይ የተገኘበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያው ይላክ። ሁለተኛ፣ የአጥቢያው ድሆች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዓመታዊ መዋጮ ሳይታመሙ በፊት ይከፈልላቸው። ሦስተኛ፣ አገልጋዮች ራሳቸው አስቀድመው ይለኩ፤ ሕዝቡ የሚከተለው ያየውን ነውና።

መሪጌታ ዛሬም ከእጥበት በማይውሉበት ቀን ወንበር ላይ ተቀምጠው ደቀ መዛሙርትን ዜማ ያስተምራሉ። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ከስሙ ቀጥሎ የሚጠይቁት «አባትህ ግፊታቸውን ተለክተዋል?» ብለው ነው። እኛ ልንጠይቃቸው ይገባን የነበረውን ጥያቄ አሁን እርሳቸው ለሌላው ይጠይቃሉ። ከዛሬ ጀምሮ እኛም አብረናቸው እንጠይቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።