ከሐበሻ ምድር የተሻገሩ ቃላት



የሀገራችን ቋንቋ ከዲናችን ጋር ዝምድና የለውም የሚል ሰው ገጥሟችሁ ይሆናል። ለእርሱ የኡሙ ኻሊድን (ረ.ዐ.) ታሪክ አጫውቱት። ወላጆቿ ከመካ ተሰደው ሐበሻ ሳሉ ተወለደች። ገና ልጅ ሳለች መዲና ስትገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጥለት ያለው ልብስ አለበሷት፤ ጥለቱንም በእጃቸው እየዳሰሱ «ሰናህ፣ ሰናህ» አሏት። በሐበሾች ቋንቋ «ያምራል» ማለት ነው። ሐዲሡን ቡኻሪ ዘግበውታል። ግእዙ «ሠናይ» መሆኑን ልብ በሉ። ልጅቱን በተወለደችበት ሀገር ቃል ነበር ያጫወቷት!

ቁርኣን ውስጥስ? በሱረቱ ኑር 35ኛ አንቀጽ «ሚሽካት» የሚል ቃል አለ። ግድግዳ ውስጥ የሚበጅ፣ ወደ ውጭ የማያሳልፍ የመብራት ማስቀመጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1505 የሞቱት ሱዩጢ ከሐበሻ ቃላት ይቆጥሩታል፤ የእኛው «መስኮት» መሆኑ ነው።

በዚህ ጉዳይ ግን ዑለማኦች ተለያይተዋል። እ.ኤ.አ. በ923 የሞቱት ጦበሪ፣ ሁለት ቋንቋዎች በአንድ ቃል ተገጣጠሙ እንጂ ቁርኣን ባዕድ ቃል የለበትም ብለዋል። አቡ ዑበይድ ደግሞ፣ ምንጩ ከሌላ ቢሆንም ቁርኣን ከመውረዱ በፊት ዐረቦች በአንደበታቸው ስለገሩት ዐረብኛ ሆኗል በማለት ሁለቱን ወገኖች አስታርቀዋል። የእኔም ልብ ወደዚህ ያደላል።

«ሙስሐፍ» የሚለውስ ስም? ሱዩጢ «አል-ኢትቃን» በተባለው ኪታባቸው እንደዘገቡት፣ በአቡበክር (ረ.ዐ.) ዘመን ቁርኣን ሲሰበሰብ ስም ተፈለገለት፤ ሐበሾች መጽሐፋቸውን እንዲህ ይሉታል ተባለና በዚያው ጸደቀ።