ፈረንጅ በታይላንድ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)





 የምንናገረው ስለ ሩቅ አገር ስለ ታይላንድ ነው። ስለ ወንዞቹና ስለ ተራሮቹ ግን አይደለም፤ እዚያ የሚኖሩ የባዕድ አገር ሰዎች ስለ ሕዝቡ ምን እንደሚሉ፥ ስለ አገር ጐብኚዎችና በየዕለቱ ስለሚያማርራቸው ነገር ነው። «ይህ እኛን ምን ይመለከተናል?» የሚል ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምነዋለን። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን።

የታይላንድ ሰው ነጩን የባዕድ አገር ሰው «ፈራንግ» ይለዋል። ይህ ቃል ከእኛው «ፈረንጅ» ጋር አንድ ነው። ሁለቱም ጥንት በአውሮፓ ከነበሩት ከፍራንኮች ስም የወጡ ሲሆን፥ በዐረቦችና በፋርሶች አፍ አልፈው አንዱ ወደ እኛ፥ ሌላው ወደ እነርሱ ደረሰ። እኛ ከባሕር ማዶ የመጣውን የፈረንጅ ጥድ፥ የፈረንጅ ዶሮ እንደምንል፥ እነርሱም ድንችን የፈረንጅ ሥር ይሉታል፤ እኛ ዘይቱን የምንለውን ፍሬ ደግሞ በደፈናው «ፈራንግ» ብለው ይጠሩታል። ዘመን አቆጣጠራቸውም የራሳቸው ነው። እኛ ከአውሮፓ በሰባትና በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስንል፥ እነርሱ በቡድሃ ዘመን ስለሚቈጥሩ በ543 ዓመት ይቀድማሉ። በመንግሥት ወረቀት ላይ 2567 የሚል ዓመት አይቶ የሚደነግጥ ፈረንጅ አለ፤ ከእኛ አገር የሄደ ሰው ግን ብዙ የሚደነቅ አይመስለንም።

ታይላንድ እንግዳ የለመደ አገር ነው። የመንግሥቱ የአገር ጐብኚዎች ድርጅት የተቋቋመው በ1960 ነው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ የጦር አውሮፕላኖች ከታይላንድ ይነሡ ስለ ነበር፥ ዕረፍት የተሰጣቸው ወታደሮች ወደ ባንኮክና ወደ ፓታያ ይጐርፉ ጀመር። ሆቴሉም መጠጥ ቤቱም በእነርሱ ልክ ተሠራ። ጦርነቱ ሲያልቅ ወታደሩ ሄደ፤ ሆቴሉ ግን ሌላ እንግዳ መጠበቅ ነበረበት። በ2019 ወደ አገሩ የገባው ጐብኚ 40 ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት ቀረው። በኮሮና በሽታ ምክንያት በሩ በተዘጋ ጊዜ፥ በ2021 ከግማሽ ሚሊዮን በታች ሆነ፤ በ2024 እንደ ገና ከ35 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። የአልጋ አንጣፊው፥ የባለ ጀልባውና የመንገድ ዳር ምግብ ሻጯ እንጀራ ከዚህ ቍጥር ጋር ይወጣል ይወርዳል።

ጥቅሙ ጉዳትም አለው። በፒፒ ደሴቶች የሚገኘው ማያ የተባለው የባሕር ዳር በ2000 በወጣ አንድ ፊልም ከታወቀ በኋላ፥ በቀን እስከ 5,000 ሰው ይረግጠው ነበር። በባሕሩ ውስጥ ያለው ኮራል በጀልባ መልሕቅ ስለ ተሰባበረ መንግሥቱ በ2018 ሥፍራውን ዘጋው። በ2022 መጀመሪያ ሲከፈትም የሰዉ ቍጥር ተወሰነ፤ ጀልባም ወደ ውስጥ እንዳይገባ ተከለከለ።

አሁን ወደ ሮሮው እንምጣ። እዚያ ብዙ ዘመን የኖሩ ፈረንጆች የሚያሰሙት ሮሮ ብዙ ቢሆንም፥ በአምስት ሊጠቃለል ይችላል።

አንደኛው የዋጋ ልዩነት ነው። ካኦ ያይ በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ለመግባት የአገሩ ሰው 40 ባት ሲከፍል፥ የውጭ አገር ሰው 400 ባት ይከፍላል። በባንኮክ ወዳለው ታላቁ ቤተ መንግሥት የአገሩ ሰው በነፃ ሲገባ፥ ባዕዱ 500 ባት ይጠየቃል። ፈረንጁን ይበልጥ የሚያናድደው ግን የአገሬው ዋጋ ብዙ ጊዜ በታይ አኃዝ፥ የእርሱ ዋጋ ደግሞ በአውሮፓ አኃዝ መጻፉ ነው። ልዩነቱ እንዳይታወቅ የተደበቀ ይመስለዋል። ሚስት አግብቶ፥ ልጅ ወልዶ፥ ግብር እየከፈለ ሃያ ዓመት የኖረውም ሰው በበሩ ላይ እንደ ትናንት መጤ ይቈጠራል።

ሁለተኛው የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ነው። በአገሩ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቀመጥ የውጭ አገር ሰው በየ90 ቀኑ አድራሻውን ለመንግሥት ማስታወቅ አለበት። ያረፈበት ቤት ባለቤትም እንግዳ መግባቱን በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያመለክት ታዟል። በጡረታ ለመኖር የሚሻ ሰው ዕድሜው 50 ዓመት የሞላ፥ በባንክም 800,000 ባት ያለው ወይም በወር 65,000 ባት የሚያገኝ መሆኑን በየዓመቱ ያስመሰክራል። አንዲት ቅጅ ብትጐድል ነገ ተመለስ ይባላል። «ነገ ተመለስ» የምትለዋን ቃል ለእኛ ወላጆች መተርጐም የሚያስፈልግ አይመስለንም።

ሦስተኛው የመሬትና የሥራ ነገር ነው። ባዕድ በታይላንድ የመሬት ባለቤት ሊሆን አይችልም፤ በትልልቅ ፎቆች ውስጥ መኖሪያ መግዛት ቢፈቀድለትም፥ የባዕዳን ድርሻ ከጠቅላላው ስፋት ከመቶ 49 ማለፍ የለበትም። ጠጕር እንደ ማስተካከልና ጐብኚ እንደ መምራት ያሉ ሥራዎችም ለአገሩ ልጆች ብቻ የተጠበቁ ናቸው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ማለት ይህ ነው።

አራተኛው መንገድና ማታለል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መግለጫ በታይላንድ ከመቶ ሺህ ሰው 32.7 ያህሉ በዓመት በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል፤ የሚበዙትም በሞተር ብስክሌት የሚሄዱ ናቸው። በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ደግሞ ልብሱን ያሳመረ ሰው ቀርቦ «ዛሬ ዝግ ነው» ይልና እንግዳውን በባለ ሦስት እግር ቱክቱክ አስይዞ ወደ ዕንቍ ሻጭ ይልከዋል። ቤተ መንግሥቱ ግን አልተዘጋም።

አምስተኛው ለማስረዳት አስቸጋሪ ነው፤ የፈገግታው ነገር ነው። «እውነቱን አይነግሩህም፤ ፈገግ ይሉልሃል እንጂ» ይላሉ። ታዮች «ክሬንግ ጃይ» የሚሉት ጠባይ አላቸው፤ ሌላውን ላለማስቸገርና ላለማሳፈር መጠንቀቅ ማለት ነው። እኛ ይሉኝታ ከምንለው ጋር በጣም የሚቀራረብ ይመስለናል። ፈረንጁ «ይህ አውቶቡስ ወደ ገበያ ይሄዳልን?» ብሎ ሲጠይቅ፥ የማያውቀው ሰው «አላውቅም» ብሎ ከማሳፈር «አዎን» ይለዋል። ፈረንጁ ውሸት ይለዋል፤ መላሹ ግን ጨዋነት ነው ብሎ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፥

እኛ ይህ ሮሮ ሁሉ ሐሰት ነው አንልም። በመንገድ ስለሚሞተው ሰው የሚሰማው ሮሮ እውነት ነው፤ ታዮችም ራሳቸው የሚያለቅሱበት ነው። ነቀፋ ዕውቀት የሚሆነው ግን ምክንያቱ ሲፈለግ ብቻ ነው።

ስለ መሬቱ እንመልከት። በ1855 ሲያም፥ በዛሬው ስሟ ታይላንድ፥ ከእንግሊዝ መልእክተኛ ከሰር ጆን ባውሪንግ ጋር ውል ገባች። በዚህ ውል መሠረት በሲያም የሚኖር የእንግሊዝ ዜጋ በአገሩ ዳኛ ሳይሆን በራሱ ቆንስል እንዲዳኝ፥ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከመቶ ሦስት እንዳይበልጥ፥ በባንኮክ አካባቢም መሬት ሊገዛ እንዲችል ተወሰነ። ሌሎችም መንግሥታት ተከትለው ይህን የመሰለ መብት አገኙ። ሲያም ይህን ቀንበር ፈጽማ የጣለችው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። በእኛም አገር በ1908 ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው የክሎቡኮውስኪ ውል ለባዕዳን ይህን የመሰለ የዳኝነት መብት ሰጥቶ ነበር። እንግዲህ ሁለቱም አገሮች በአውሮፓ ቅኝ ገዥዎች መካከል ነፃነታቸውን ይዘው ለመኖር የታገሉ ናቸው። ይህን ያወቀ ሰው የመሬቱን ሕግ ባይወደው እንኳ ከክፋት ብቻ የመጣ ነው አይልም።

ፈገግታውም ለገንዘብ ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 2004 የባሕር ማዕበል በታይላንድ ከ5,000 በላይ ሰው ሲገድል፥ ከሟቾቹ ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ቤታቸው የፈረሰባቸው የአገሩ ሰዎች ለእንግዶቹ ልብስና ምግብ ያካፍሉ እንደ ነበር ከሞት የተረፉት መስክረዋል።

ደግሞስ ሮሮውን የሚናገረው ማን ነው? አና ሊኦኖወንስ ከ1862 እስከ 1867 በንጉሥ ሞንግኩት ቤተ መንግሥት እንግሊዝኛ አስተማረች፤ በ1870ም ስለዚያ ኑሮዋ መጽሐፍ አሳተመች። ከዚያ የተነሣ በ1944 ልብ ወለድ፥ በ1956 ፊልም ወጣ። በፊልሙ ንጉሡ አንዲት የባዕድ ሴት ሥልጣኔ የምታስተምረው ቍጡ ሰው ሆኖ ይታያል። እውነተኛው ሞንግኩት ግን ከመንገሡ በፊት 27 ዓመት መነኩሴ ሆኖ የኖረ፥ ላቲንና እንግሊዝኛ የተማረ፥ በ1868 የሆነውን የፀሐይ ግርዶሽ አስቀድሞ በስሌት ያወቀ ሊቅ ነበር። ፊልሙ በታይላንድ ታገደ፤ ዓለም ግን የሞንግኩትን ሊቅነት ሳይሆን ፊልሙን ያውቃል።

ሌላ ዓይነት ፈረንጅም ነበረ። አሜሪካዊው የወንጌል መልእክተኛና ሐኪም ዳን ቢች ብራድሊ በ1835 ባንኮክ ገብቶ ቋንቋውን ተማረ፤ የፈንጣጣ ክትባት ጀመረ፤ በአገሩ ፊደል አተመ፤ በ1873ም እዚያው ሞተ። የፍሎረንስ ተወላጅ የነበረው ቀራጺ ኮራዶ ፌሮቺ በ1923 መጥቶ ለታይ ወጣቶች የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሠረተ። ሲልፓ ቢራስሪ የሚባል የታይ ስምና ዜግነት ተቀብሎ በ1962 ዐረፈ፤ ተማሪዎቹም እስከ ዛሬ በልደቱ ቀን ያስቡታል። እነዚህም ሙቀቱና ትንኙ፥ ነገ ተመለስ መባሉም ሳያስቸግራቸው የቀረ አይመስለንም። ነገር ግን በደጅ ቆመው አላጕረመረሙም፤ ወደ ውስጥ ገቡ። የታይ ቋንቋ አምስት የድምፅ ቃና፥ 44 ተነባቢ ፊደላት አሉት፤ በቃልና በቃል መካከልም ክፍት ቦታ አይተውም። ይህን የተማረ ሰው በሩ ላይ የተጻፈውን የታይ አኃዝ ያነባል፤ ምስጢርም አይመስለውም።

አንድ ነገር ልንጨምር እንወዳለን። በታይላንድ ከፈራንጉ ይልቅ በቍጥር የሚበዛ ሌላ ባዕድ አለ። ይኸውም በተለይ ከምያንማር የመጣው ሠራተኛ ነው። በሳሙት ሳኮን አሣና ሽሪምፕ የሚያጸዳው፥ በባንኮክ ፎቅ የሚሠራው እርሱ ነው። በታኅሣሥ 2020 በሳሙት ሳኮን የሽሪምፕ ገበያ ኮሮና በተነሣ ጊዜ፥ እነዚህ ሠራተኞች በሽቦ በታጠረ ሠፈር ውስጥ ተዘጉ። ለባሕር ዳር እይታ የሚያማርር ፈረንጅ ሮሮው ይታተምለታል፤ የእነርሱ ግን ብዙ ጊዜ አይሰማም። ፈረንጁ ቢመረው ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፤ እነርሱ ወዴት ይሄዳሉ?

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛ ይመለሳል። በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ወላጆች መካከል ልጃችሁን ወይም እኅታችሁን ወደ ዐረብ አገር የላካችሁ አላችሁ። እነርሱ በሰው አገር ፈረንጅ አይባሉም፤ ፓስፖርታቸው በአሠሪ እጅ የተያዘባቸው ብዙዎች ናቸው። ከእኛም ከዘንድሮ ተመራቂዎች አንዳንዶቻችን ነገ ባዕድ እንሆናለን።

እኛም ንጹሓን አይደለንም። በታሪካዊ ሥፍራዎቻችን የውጭ አገር ሰው ከእኛ የበለጠ ይከፍላል። ይህስ በሕግ ነው። ነገር ግን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን ከባሕር ማዶ የመጡ አንዲት አዲስ መምህራችንን ወደ ገበያ ሸኘናቸው። ብርቱካን ሻጩ ዋጋውን እጥፍ አድርጎ ሲጠራ ሰማን፤ እርስ በርሳችንም ተያይተን ሳቅን እንጂ አንድ ቃል አልተናገርንም። እርሳቸውም ሳቃችንን አይተው፥ ደስ ያለን መስሏቸው አብረውን ሳቁ። በሁለተኛው ዓመት አማርኛ ሲያውቁ ያን ቀን ምን እንደ ሆነ ገባቸው፤ አልተቈጡንም፤ ብርቱካን ግን ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ሄደው ይገዛሉ። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋልና ይቅርታ እንለምናቸዋለን።

የአገራችን ሰው እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፥ ሲሰነብት ብር፥ ሲቆይ ብረት ነው ይላል። ተረቱ እውነት ይሁን እንጂ ብረትም ለማረሻ ይሆናል። ሙሴ ሕዝቡን እንግዳን እንዳይበድሉ ሲያዝ ያቀረበላቸው ምክንያት፥ እነርሱም ራሳቸው በግብፅ ምድር እንግዶች የነበሩ መሆናቸው ነው።

ስለዚህ ውድ ጓደኞቻችን፥ ወደ ሰው አገር ስትሄዱ ከማማረራችሁ በፊት ቋንቋውን ተማሩ፥ ምክንያቱንም ጠይቁ። በአገራችሁ ስትቀመጡ ደግሞ የባዕዱን ሮሮ አድምጡ፤ እውነት የሆነውን ተቀበሉ፤ ከሁሉ ይልቅ ሮሮው የማይሰማለትን ባዕድ ፈልጉት።