የሚጥል በሽታ፣ የዘር ውርስና ጾታ



በካፋ፣ ከደካ እስከ ቦንጋ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ከጋብቻ በፊት «በዘራቸው የሚጥል በሽታ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ እንግዳ አይደለም። መልሱን ከላብራቶሪ አይጦች እንጀምር።

በፈረንሳይ፣ በስትራስቡርግ፣ ተመራማሪዎች ለቅጽበት አፍዝዞ ራስን የሚያስተው የሕመሙ ዓይነት የታየባቸውን አይጦች እየመረጡ አዳቀሉ፤ ከትውልዶች በኋላ ሕመሙ በሁሉም ላይ የሚታይበት ዘር ተገኘ። ውርስ ኃይል አለው ማለት ነው።

ጾታም ድርሻ አለው። በሴቴ አካል በብዛት የሚመነጨው ፕሮጄስቴሮን በአይጦች ላይ ይህንኑ ዓይነት ሲያባብስ፣ የሚያንፈራግጠውን ዓይነት ግን ያበርዳል። ስለዚህ በወንዴ አይጦች ብቻ የተደረሰበት ድምዳሜ ግማሽ ዕውቀት ነው።

ወደ ሰው ስንመለስ፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1990 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የቡታጅራ ጥናት ከ1000 ሰዎች 5.2ቱ ሕመሙ እንዳለባቸው አሳይቷል፤ በወንዶች 5.8፣ በሴቶች 4.6። ልዩነቱ የተፈጥሮ ነው ወይስ ቤተሰብ ለትዳር ሲል ሴት ልጁን ስለሚሸሽግ? አይጥን የሚሸሽጋት የለም።

እነዚያ አይጦች ሆን ተብለው የተዳቀሉ ናቸው፤ የሰው ቤተሰብ እንዲያ አይደለም። በአንድ ታማሚ ምክንያት ቤተሰቡን ሁሉ ከጋብቻ ማራቅ የሳይንስ መሠረት የለውም።