ከአንዲት ላም ይልቅ መንጋው



እንደሚታወቀው የከብት ነቀርሳ ድምፁን አጥፍቶ የሚኖር በሽታ ነው። የተያዘችው ላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ ደኅና መስላ ትታለባለች፤ በዚያው ጊዜ ግን በትንፋሿ ጎረቤቷን፣ በወተቷም ጥጃዋንና ሰውን ልትበክል ትችላለች። ስለዚህም የእንስሳት ሐኪም ወደ አንድ በረት ሲገባ የሚመረምረው መንጋውን በሙሉ ነው።

ሮበርት ኮኽ እ.ኤ.አ. በ1890 ለፈውስ ብሎ ያቀረበው ቱበርኩሊን ፈዋሽነቱ ባይሳካም ለምርመራ ዋና መሣሪያ ሆኖ ቀረ። የላሟ አንገት በሁለት ቦታ ይላጫል፤ የቆዳውም ውፍረት ይለካል። በአንዱ ቦታ የከብት፣ በሌላው የወፍ ቱበርኩሊን ይወጋል። ከ72 ሰዓት በኋላ በከብቱ በኩል ያለው እብጠት የወፉን ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከበለጠ፣ ላሟ እንደ ተያዘች ትቆጠራለች።

በመካከለኛው ኢትዮጵያ በ88 የወተት መንጋዎች 2,956 ከብቶችን የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ከከብቶቹ 30 በመቶ፣ ከመንጋዎቹም ግማሹ በሽታው እንዳለባቸው አመልክቷል።

ይሁን እንጂ ውጤቱን በጥንቃቄ መመዘን ይገባል። ምርመራው ከመቶ ጤነኛ ላሞች በአንዲቱ ብቻ ቢሳሳት እንኳ፣ 50 ላሞች ካሏቸው 10 ንጹሕ መንጋዎች 4 ያህሉ ያለ ጥፋታቸው ሊጠረጠሩ ይችላሉ። በሌላ በኩል በቅርቡ የተያዘችና በሽታው እጅግ የጠናባት ላም ምልክት ሳታሳይ ልታልፍ ትችላለች። ስለዚህ ምርመራው ቢያንስ ከ42 ቀን በኋላ ይደገማል፤ መንጋውም የሚፈረድበት በተደጋጋሚ ውጤት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ከምርመራው በኋላ ያለው ነው። ስድስት ላሞች ያሉት ባለቤት ሁለቱን ያለ ካሣ አስወግድ ቢባል፣ የዕለት እንጀራው ይጎድልበታል። በስውር ወደ ገበያ ከነዳቸው ደግሞ በሽታው ወደ ሌላ በረት ይሸጋገራል፤ ሊገታው የታሰበው ምርመራ ራሱ ያሠራጨዋል። ስለዚህ ሐኪሙ መርፌውን ከማንሣቱ በፊት፣ የተለዩት ላሞች የት እንደሚገለሉና ጉዳቱን ማን እንደሚጋራ ከባለቤቱ ጋር መመካከር አለበት። እስከዚያው ወተቱ ይፈላ፤ የተገዛችውም ላም ሳትመረመር ከመንጋው አትቀላቀል።