የመስቀል ወፍ የት ትከርማለች?
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በወፍ ተመልካቾች ስም የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው በዚህ ጉባኤ ላይ የሚነገረው ስለ መዋጮ፣ ስለ ድንኳንና ስለ ጠፋ ወንበር ነው። ዛሬ ስለ ወፍ እንድንናገር ዳኛው ጥቂት ደቂቃ ስለ ፈቀዱልን እናመሰግናለን። ነገሩ ከእድሩ ገንዘብ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ «ሥራ ፈቶች ናቸው» ብላችሁ ሳትነሡ እስከ መጨረሻው እንድታዳምጡን እንለምናለን።

እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ከልጆቻችን ጋር ተሰባስበን በእግር እየዞርን ወፍ የምንመለከት የእድሩ አባላት ነን። ከዕቃ ቤቱ ተነሥተን፣ ከመቃብሩ ሥር ባለው በእድሩ ሣር መሬት በኩል ወደ ቦዩ ወርደን፣ ፀሐዩ ሳይጠነክር እንመለሳለን። ያለን ንብረት አንድ አቅርቦ የሚያሳይ አሮጌ መነጽርና አንድ ደብተር ነው። አንድ አባታችን «እናንተ ልጆች፣ በማለዳ መቃብር ሥር ምን ትፈልጋላችሁ?» ብለውን ነበር። መልሱን ስንነግራቸው ሳቁና «ይህማ የፈረንጅ ሥራ ነው» አሉ። ነገር ግን የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የተመሠረተው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው፤ በየዓመቱ በጥር ወር በዓለም ዙሪያ የሚደረገው የውኃ ወፎች ቆጠራም በአገራችን ሐይቆች ይካሄዳል። ማማ ላይ ወጥቶ ማሽላ የሚጠብቀው ልጅማ ከሁላችንም ይበልጥ ወፍ ያውቃል።

አሁን ወደ መስቀል ወፍ እንምጣ። በእድራችን ውስጥ በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ የሚጠፋውን አባል «የመስቀል ወፍ» እያልን እንወርፈዋለን። በእኛ አስተያየት በዚህ አነጋገር ያለ ጥፋቷ የተሰደበችው ወፏ ናት። የመስቀል ወፍ አትጠፋም። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ዓለም ጤና ከእኛ ጋር ናት።

የመስቀል ወፍ የምንላቸው ከአንድ ዓይነት በላይ ናቸው። አንዱ እሳት የመሰለ ቀይና ጥቁር የለበሰው ነው፤ እንግሊዞች በልብሱ የተነሣ «ጳጳስ» ይሉታል። ሌላው ጥቁርና ነጭ ሆኖ፣ ምንቃሩ ቀይ፣ ጅራቱ ከሰውነቱ የሚበልጥ ነው። አካሉ ከስንዝር ያነሰ ሲሆን ጅራቱ ብቻውን 20 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል። የዚህኛው የሳይንስ ስሙ «ቪዱዋ» ሲሆን በላቲን መበለት ማለት ነው። በእድር መጽሔት ላይ ቢጻፍ የሚያስነውር ስም አይደለም።

ይህ ሁሉ ጌጥ የወንዱ ነው፤ የሚለብሰውም ለመራቢያ ጊዜ ብቻ ነው። የክረምቱ ዝናብ ሲጥልና ሣሩ ሲያድግ የድሮ ላባውን አራግፎ አዲሱን ያወጣል። ዝናቡ አባርቶ፣ ኦሮሞዎቹ ጎረቤቶቻችን «ቢራ» የሚሉት ብሩህ ወቅት ሲገባ፣ አደዩም ሲፈካ፣ ልብሱ ሙሉ ሆኖ እናየዋለን። የመራቢያው ጊዜ ሲያልፍ ያንን ልብስ አውልቆ እንደ ሚስቱ ቡናማና ዝንጉርጉር ይሆናል፤ ከድንቢጥ መለየትም ያስቸግራል። እኛም ጠፋ እንላለን። በጥር ወር ቦዩ ዳር መንጋ ሆነው ፍሬ ሲለቅሙ ልጆቹ አይተው «ግሪሳ! ግሪሳ!» ብለው ወንጭፍ ያነሣሉ።

ስለ ግሪሳ አንድ ነገር እንበል። ግሪሳ የስምጥ ሸለቆ ገበሬ ጠላት መሆኑን የሚክድ የለም፤ መንጋው ማሽላ ላይ ካረፈ የዓመት ጉልበት በአንድ ቀን ይጠፋል። ነገር ግን ቡናማ ወፍ ሁሉ ግሪሳ አይደለም። ባለ ረጅም ጅራቱ ጌጡን ካወለቀ በኋላም ምንቃሩ እንደ ግሪሳ ቀይ ሆኖ ይቆያል፤ ራሱን ያየ ሰው ግን ጥቁርና ነጣ ያለ ጉልህ መሥመር ስለሚያገኝበት ይለየዋል። ይህን ሁሉም ልጆቻችን አሁን ያውቁታል። በአውሮፕላን የሚረጨው የግሪሳ መድኃኒት ግን መሥመር አይቶ አይለይም፤ እዚያው የሰፈረውን ሌላውንም ወፍ ይገድላል።

ታዲያ የመስቀል ወፍ እዚሁ ከከረመች፣ በሚቀጥለው መስከረም መኖሯ የሚወሰነውም እዚሁ ነው ማለት ነው። ቀዩ ወፍ ጎጆውን የሚሠራው በረጅም ሣርና በቦይ ዳር ቄጤማ ውስጥ ነው። እንቁላል ከተጣለ ጫጩቱ እስኪበር አንድ ወር ያህል ይፈጃል። የባለ ረጅም ጅራቱ ሚስት ደግሞ ጎጆ የሚባል ነገር አትሠራም፤ ሣር ሥር ጎጆ በሚሠሩት ቀይ ምንቃር ባላቸው ጥቃቅን ወፎች ቤት እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። እነሱም ከልጆቻቸው ጋር አብረው ያሳድጉላታል። (አንዲት እናታችን ይህንን ሰምተው «መዋጮ ሳትከፍል ድንኳን የምትወስድ!» ብለዋል።) የሆነው ሆኖ ሣሩ ከሌለ አሳዳጊዎቹም የሉም፤ አሳዳጊ ከሌለ ደግሞ የመስቀል ወፍም የለም።

እኛ የእድሩን ሣር የምናሳጭደው መቼ ነው? መስቀል እንዳለፈ ነው። ሣሩ ሲታጨድ ጫጩቶቹ ገና ጎጆ ውስጥ ናቸው። አጫጆቹ ራሳቸው በነዶው መካከል እያገኙ የሚያሳዩን ነው።

ሣሩ በደንብ ከርሞ ሲታጨድ ይገረጅፋል፣ ከብትም እንደ ለጋው አይወደውም፣ ዋጋውም ይወርዳል። ይህን ገንዘብ ያዣችን ከእኛ በፊት ተናግረውታል፤ ልክ ናቸው። የሣሩ ገንዘብ ለሐዘንተኛ ቤት የሚሰጥ ነውና ማንም ለወፍ ሲል ከመበለት እጅ ይወሰድ አይልም። ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው፦ ከመንገዱ በኩል ያለው ሁለት እጁ እንደ ወትሮው በጊዜው ይታጨድ። ከቦዩ በኩል ያለው አንድ እጁ ብቻ እስከ ኅዳር ሚካኤል ይቆይ። ይህን አንድ እጅ እኛ የቡድኑ አባላት በመስከረም ዋጋ አዋጥተን ከነቁመቱ እንገዛዋለን፤ በኅዳር ታጭዶ ለክዳንም ሆነ ለሌላ የሚያወጣው ዋጋ ለእድሩ ይሁን። እድሩ አንድ ሳንቲም አይጎድልበትም።

«የአንድ ቁራጭ ሣር ነገር ይህን ያህል ምን ያወራል?» የሚል ይኖራል። ከእኛ ወደ ደቡብ መቂንና ባቱን አልፎ አብያታ ሐይቅ አለ። ውኃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ ፋብሪካ እየተቀዳ ሐይቁ በእጅጉ ሸሸ፤ ዓሣውም ጠፋ። በሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ነጫጭ ፔሊካኖች ምግባቸውን ከአብያታ ያገኙ ነበር፤ ዓሣው ሲጠፋ ለጫጩቶቻቸው ምግብ ፍለጋ ሩቅ ለመብረር ተገደዱ። በሌላው በኩል ደግሞ የቆቃ ግድብ በ1960 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ ውኃው ሲተኛ፣ ብዙ የውኃ ወፍ መጥቶ ሰፈረበት። ሐይቁን መመለስ የእድር አቅም አይደለም። ሣሩ ግን የእኛ ነው፣ ማጭዱም በእጃችን ነው።

የሩቅ እንግዶችም አሉብን። የፈረንጆቹ ብርድ ሊገባ ሲል፣ ማለትም የእኛ መስከረም ሲጠባ፣ ከከብቶች እግር ሥር ጅራቷን እያወዛወዘች የምትሮጠው ትንሽ ቢጫ ወፍ ከአውሮፓና ከእስያ ትመጣለች፤ ክብደቷ 20 ግራም አይሞላም። ነጩ ሽመላም በዚያው ሰሞን ወደ አፍሪካ ይወርዳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ልጆቻችን የመጡበትን ቀን በደብተሩ ይጽፋሉ፤ ፊደላቸው ባያምርም ቀኑ ልክ ነው።

ጥያቄያችን ዛሬውኑ ድምፅ እንዲሰጥበት እናመለክታለን፤ ሣሩን የሚገዛው ነጋዴ ቀብድ ሊሰጥ ነው ተብሏልና። ዛሬ ቀብድ ከተቀበልን የዘንድሮው ነገር አለቀ ማለት ነው።

የመስከረም የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ከዕቃ ቤቱ በር እንነሣለን። መምጣት የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ፣ መዋጮ የለውም። ወንጭፍ የያዘ ልጅ ለጸሐፊው አስረክቦ ይሄዳል፤ ሲመለስ ይሰጠዋል።