የአንድ ግቢ ውሃ በስንት ይከፈል?

(በመካነ ሰላም፣ በመንደራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ስለ መንገድ ወይም ስለ መብራት ቢሆን ኖሮ ሁላችንም በአንድ ወገን ቆመን በተናገርን ነበር። የውሃ ሂሳብ ግን እርስ በርሳችን የሚያነታርክ ነው፤ ከመካከላችን አከራይም አለ፣ ተከራይም አለና። እኔም ከቤቴ ጀርባ ሁለት ክፍል የማከራይ ሰው ነኝ። የምናገረው ከአከራዩ ወገን ሆኜ መሆኑን አስቀድማችሁ እወቁልኝ።

እንደሚታወቀው የቦረና ምድር ውሃ አጥ አይደለም። ከደንቆሮ ጫካ የሚነሱት ጅረቶች ቁልቁል ወደ ዓባይ ሲወርዱ እኛ ደጋው ላይ ቆመን እንሸኛቸዋለን። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚሉት ይህንን ነው። ውሃ ቧንቧ ውስጥ እስኪገባ ድረስ መሳቢያ፣ መብራት፣ ማጠራቀሚያና ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ዋጋ አለው። ዋጋው መከፈል የለበትም የሚል ሰው እዚህ የለም። ክርክሩ አንድ ቆጣሪ ባለበት ግቢ ውስጥ ማን ምን ያህል ይክፈል የሚለው ነው።

በየግቢያችን ያለው አሠራር ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ ከኪራዩ ጋር ጠቅልሎ ይቀበላል። ሌላው ቢሉን በቤት ቁጥር ያካፍላል። አንዳንዱ በጀሪካን ይሸጣል። በነፍስ ወከፍ ይህን ያህል ብሎ ቆርጦ የሚቀበልም አለ፤ ይኼኛው በዋናነት የሚጎዳው ደግሞ ከገጠር መጥተው ክፍል ተከራይተው የሚማሩትን ልጆች ነው።

እስቲ እነዚህን ልጆች እንያቸው። ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጡ ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፣ እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ጠዋት ይመለሳሉ። የሚፈልጉት ውሃ ለመጠጥ፣ ፊት ለመታጠብ፣ ወጥ ለመሥራትና አንዳንድ ጊዜ ልብስ ለማጠብ ነው። ለአንድ ልጅ በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እንያዝለት፤ ይህም በዛለት። የአገሪቱ ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የነበረው ማለት ነው፣ ከ20 ሺህ በታች ሕዝብ ላለው ከተማ እንኳ በነፍስ ወከፍ በቀን 40 ሊትር ያሰበ ነበር። ልጁ የሚጠቀመው የዚያን ግማሽ ነው። እንግዲህ በዚያው ግቢ ጠላ የሚጠመቅ፣ አረቄ የሚወጣ፣ ጓሮ የሚጠጣ ከሆነና ሁሉም በነፍስ ወከፍ እኩል የሚከፍል ከሆነ፣ ልጁ የጠላውን ውሃ ከፈለ ማለት እኮ ነው! ጠላ መጥመቁ ነውር የለበትም፤ የእናቶቻችን መተዳደሪያ ነው። ውሃው ግን በጠማቂዋ ሂሳብ ይያዝ።

አሁን ብዙዎቻችን ልብ ወደማንለው ነገር ልምጣ። የከተማ ውሃ ታሪፍ ደረጃ አለው፤ ትንሽ ለሚጠቀም በርካሽ፣ እየበዛ ሲሄድ በውድ ነው። የተሠራው ለድኻው ታስቦ ነው። ነገር ግን ቆጣሪው የሚያውቀው ሜትር ኩብ ብቻ ነው፤ ከኋላው ስንት ቤተሰብ እንዳለ አያውቅም።

በምሳሌ ልናገር። የምጠራው ዋጋ ለስሌት ያህል ነው፣ ትክክለኛውን ከየቢላችሁ አንብቡ። የመጀመሪያው 5 ሜትር ኩብ እያንዳንዱ 10 ብር፣ ከ6 እስከ 10 ያለው 15 ብር፣ ከዚያ በላይ 20 ብር ነው እንበል። አራት ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 4 ሜትር ኩብ ቢጠቀሙና የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው እያንዳንዳቸው 40 ብር፣ በጠቅላላው 160 ብር ይከፍላሉ። እነዚሁ አራቱ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ድምሩ 16 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ሂሳቡም 50፣ 75 እና 120፣ በጠቅላላው 245 ብር። አንዲት ብርጭቆ ውሃ ሳይጨመር 85 ብር ተጨመረ! ይህን ገንዘብ አከራዩም አልበላውም፣ ተከራዩም አላባከነውም። ሆኖም በየወሩ መጨረሻ የሚጣሉት እነሱ ናቸው።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለአንድ ቤተሰብ በወር 6 ሜትር ኩብ ውሃ በነፃ እንዲሰጥ ወስና ነበር። በጓሮ ክፍል የሚኖሩት ተከራዮች ግን ከባለቤቱ ጋር በአንድ ቆጣሪ ስለነበሩ ያችኑ የአንድ ቤተሰብ ድርሻ ነው የተሻሙባት።

በጀሪካን የምንሸጠውንም እንመርምር። አንድ ሜትር ኩብ ማለት ሺህ ሊትር፣ 50 ጀሪካን ማለት ነው። ጀሪካኑን በ2 ብር የሸጠ ሰው ሜትር ኩቡን በ100 ብር ሸጠ። በምሳሌያችን ከፍተኛው ዋጋ 20 ብር ነበር። አምስት እጥፍ ነው! አከራዩ ወጪ የለበትም አልልም፤ ቧንቧ አስገብቷል፣ ሮቶ ገዝቷል፣ ፈረቃው ሌሊት ሲሆን ተነሥቶ የሚቀዳው እሱ ነው። ይህን ድካም በኪራዩ ላይ አስቦ ይነጋገር። የውሃው ዋጋ ግን ቢሉ ላይ ያለው ነው።

ፍሳሽም አለ። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቀን አንድ ጀሪካን ያህል ያፈሳል። ማታ ሁሉም ሰው ቧንቧውን ይዝጋና ቆጣሪው ላይ ያለችው ትንሿ መዘውር ትታይ፤ የምትዞር ከሆነ ከመሬት በታች የሚፈስ አለ። የቧንቧው ባለቤት አከራዩ ስለሆነ ጥገናው የእሱ ነው። ተከራዩም ውሃ ሲጠፋ ቧንቧ ከፍቶ አይተኛ፤ ውሃው ሊመጣ ሲል የሚገፋው አየር ቆጣሪውን ያዞረዋል።

ሕግን በሚመለከት፣ በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ የኪራዩ ልክ በመንግሥት እጅ ገባ። በቅርቡ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራይም በዘፈቀደ እንዳይጨመር አዟል። በክልሎች የሚፈጸመው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው። እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው፤ በር ሲዘጋ በመስኮት የሚገባ አለ። ኪራይ መጨመር ያልቻለ ሰው «ውሃ ተወደደ» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ የውሃው ነገር ከውሉ ውስጥ ይግባ፤ ማን፣ በምን ስሌት፣ ምን ዓይቶ እንደሚከፍል ይጻፍ።

የማህበራችን ኮሚቴ የሚከተለውን ለውይይት አቅርቧል። ቢሉ እንደመጣ ሁሉም የሚያየው ቦታ ላይ ይለጠፍ። ቆጣሪው በወሩ መጨረሻ ቀን አከራይና አንድ ተከራይ ባሉበት ይነበብ፣ ቁጥሩም በደብተር ይያዝ። አቅም ያለው ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ ያስገባ። ይህ ካልተቻለ ሂሳቡ ሰው ግቢው ውስጥ ባደረበት ቀን ልክ ይከፋፈል፤ ተማሪዎቹ ስንቅ ሊያመጡ የሄዱባቸው ቀናት ይቀነሱላቸው። ጠላና አረቄ ለሽያጭ የሚያዘጋጅ ጀሪካኑን ለብቻ ይቁጠር።

ከዚህ ሌላ፣ ብዙ ቤተሰብ ያለበት ግቢ ታሪፉ በቤተሰቡ ቁጥር ልክ እንዲሰላለት ለውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ እንድናመለክት ሐሳብ ቀርቧል። ለማመልከቻው የየግቢውን የቤተሰብ ብዛትና የሦስት ወር ቢል ያስፈልገናል። ቢል የጠፋበት የቆጣሪውን ቁጥር ብቻ ይዞ ይምጣ። መመዝገቢያው ደብተር ከጸሐፊው ዘንድ ነው፤ ተከራዮችም ራሳችሁ መጥታችሁ መመዝገብ ትችላላችሁ፣ የአከራይ ፈቃድ አያስፈልግም።